አምባዛዋ የምትጠብቀው አሜን

ሲላስ በመላው ሆሳዕና በጸሎቱ ርዝመት ይታማ ነበር፤ ማዕድ ላይ ከጀመረ ወጡ ሳይቀዘቅዝ አያበቃም። "አሜን" ሲል ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ ያደርገዋል። ያኔ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለው አኳሪየም ውሃው ይንቀጠቀጣል፤ ከአዲስ አበባ በጄሪካን ያመጣት ትንሽ አምባዛ ዓሣም የቀረበላትን ቅቅል ኪያር መጋጥ ትጀምራለች።

"እሷም ጌታን ተቀብላለች" እያለ ይቀልድ ነበር።

ካረፈ ወዲህ ሚስቱ ጣቢታ ማዕድ ላይ አትጸልይም። ኪያሩን ግን እንደ ልማዱ ውሃው ውስጥ ትጨምራለች። አምባዛዋ ዞር ብላም አታየው፤ ሲላስ በእጁ የተከላቸውን የውሃ ተክሎች እየቀረጠፈች ፈጅታ አሁን አንዱ ብቻ ቀርቷል።

ዛሬ ምሳ ሲቀርብ ልጃቸው ማራኪ፣ "እማዬ፣ እኔ ልጸልይ?" አለች።

"ተዪው። ዝም ብለሽ ብዪ።"

ማራኪ እጇን ልትዘረጋ ስትል አምባዛዋ ቅጠሉን ለቀቀች። ወደ ታች ወርዳም ኪያሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሳትነካው፣ ልክ ሲላስ በሕይወት ሳለ እንደምታደርገው።

"እማዬ..."

"አይቻለሁ።"

እናትና ልጅ እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ደጅ ባጃጅ እንኳ አያልፍም። ወጡ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቅቤው ከላይ ረጋ።

ከዚያ የሁለቱም እጅ ጭናቸው ላይ እንዳለ ጠረጴዛው መታ ተደረገ። ውሃው ተንቀጠቀጠ፤ አምባዛዋም ኪያሩን መጋጥ ጀመረች።

"አሁን ብዪ" አለች ጣቢታ።