ሻምበል ጉንፋን ዳነ

"ስንት ትሰጪኛለሽ?" ይለኛል፣ ገና ሳይቀመጥ።

አሥራ ሁለተኛውን መጽሐፉን የማርማቸው የፈተና ወረቀቶች ላይ አስቀምጦታል። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ሁልጊዜም የሚጠይቀኝ ማርክ ነው፤ ባሌ በነበረ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ከተፋታን ሦስት ዓመት አልፎናል። ቅድም ደረጃውን ሲወጣ ኮቴውን ስሰማ ግን እጄ ቀድሞኝ ፀጉሬን አስተካከለ። እጄን ረገምኩት። ታላቅ እህቴ "ያ ሰውዬ ከመጣ በር እንዳትከፍቺለት" ብላኝ ነበር። ከፈትኩለት።

"ገዝቼ አንብቤዋለሁ" እለዋለሁ።

"እና?"

"እናማ፣ ሻምበል ጉንፋን ከመቼ ወዲህ ነው ማሽተት የጀመረው?"

ሳቅ ይላል። የሚያስቅ ነገር የለውም። ሻምበል ጉንፋንን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ መሀረብ ከእጁ የማይለየው፣ አፍንጫው እንደተደፈነ የኖረ፣ ምንም ስለማይሸተው ሌላው ሰው ያላየውን የሚያይ መርማሪ ነው። በአሥራ አንድ መጽሐፍ ውስጥ አንድም ነገር ሸትቶት አያውቅም። በአሥራ ሁለተኛው ግን ሬሳው ያለበት ክፍል ይገባና፣ አየሩን በረጅሙ ይስብና፣ "የሴት ሽቶ!" ይላል። አለቀ። ገዳይዋ ታወቀች። የቀረው ገጽ ሁሉ የመኪና ሩጫ ነው።

"ዳነ" ይለኛል። "ሰው ዕድሜ ልኩን ጉንፋን ይይዘዋል እንዴ? አንባቢውም ሰልችቶታል። እሷም 'ይሄ ንፍጣም ሰውዬ አይቀፍህም ወይ?' አለችኝ።"

እሷ ማለት አሁን ያለችው ሚስቱ ናት። ሽቶዋ ከኮቱ ላይ ይሸተኛል፤ ለዚህ መርማሪ አያስፈልግም።

ንፍጣሟ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ የተከራየናት ክፍል ግድግዳዋ ክረምት ከበጋ እርጥብ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ጉንፋን አልለቀቀኝም። እሱ እየሳቀብኝ ጉንፋኔን ወስዶ ለመርማሪው ሰጠው። አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ እኔ ፈተና ሳርም እሱ ከጎኔ ይጽፋል። ሬሳው እስኪገኝ ድረስ የሚስተካከለው የለም፤ ገዳዩ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። ከዚያ አንድ የማይሆን ስም ይጥላል። "አክስትየዋ ትሆን?" ይላል። ሆን ብሎ ይሁን ከልቡ አጣርቼ አላውቅም። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልችልም፤ "አክስትየዋማ በረንዳ ላይ ነበረች፣ አንተ ደንቆሮ!" እልና ትክክለኛውን ገዳይ እነግረዋለሁ። ወረቀት እስኪፈልግ እንዳይጠፋበት መዳፉ ላይ ይጽፈዋል። አሥራ አንዱም ገዳዮች በዚያ መዳፍ አልፈዋል። ሽፋኑ ላይ የሱ ስም ብቻ ሲወጣ ያኔ አልቆረቆረኝም ነበር።

"እሺ፣ ማርኬን ንገሪኛ።"

"ዜሮ። ስምህን ያለ ስህተት ስለጻፍክ አንድ ልጨምርልህ እችላለሁ።"

ፊቱ ይጠቁራል። መጽሐፉ እንዲበላሽበት ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር፤ ያለ እኔ እንደማይሆንለት ሰው ሁሉ ይወቅልኝ ብዬ። ተበላሽቶ ሳነበው ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔን ማስወጣቱ ሳያንሰው ጉንፋኔንም ከቤቱ አስወጣው።

ቀይ ስክሪብቶዬን ከወረቀቶቹ መሀል አንስቶ በጣቶቹ ያሽከረክራል። ሸምግሏል። እንዲህ አቀርቅሮ ሳየው ሆዴ ይባባል። ምናልባት ይቅርታ ሊለኝ ነው እላለሁ በልቤ። ምናልባት ቤቱ ናፍቆት ይሆናል።

"አሥራ ሦስተኛውን ጀምሬዋለሁ" ይላል።

"ጎሽ።"

"ሰዓት ጠጋኝ ነው የሚሞተው፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል፤ መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ዘበኛው ነው ጩኸት ሰምቶ በሩን በትከሻው ገንጥሎ የገባው። ሲገባ ሰውዬው ሞቷል፣ ሌላ ማንም የለም። እንግዲህ ገዳዩ በየት ወጣ?"

ቀና ብሎ ያየኛል። የመጣው ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም። ገና ተናግሮ ሳይጨርስ ገዳዩን አውቄዋለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ጥርሴን እነክሳለሁ።

"ሚስትህን ጠይቃት" እለዋለሁ። "አፍንጫዋ ጥሩ ነው።"

"ይሁን" ይላል፤ "እውነትሽን ነው።" ብድግ ይላል። ሊከራከረኝ፣ ሊለምነኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ኮቱን አራግፎ ይወጣል። በሩን ከኋላው ዘግቼ በጀርባዬ እደገፈዋለሁ። አልነገርኩትም። አሁን ለእህቴ ደውዬ "ባዶ እጁን ሸኘሁት" እላታለሁ፣ እሷም "እሰይ፣ የኔ ጀግና" ትለኛለች።

ከደረጃው በኩል ድምፁ ይሰማኛል። ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚናገረው።

"ወንድምየው ነው የሚሆነው። በመስኮት ገብቶ፣ በመስኮት ወጥቶ..."

በመስኮት! ደሜ ይፈላል። በሩን በርግጄ እወጣለሁ።

"የምን መስኮት ነው? ፍርግርግ አለው ብለህ የለም እንዴ! በሩ መቆለፉን ከዘበኛው በቀር ማን አየ? አልተቆለፈም ነበር! ገድሎት ወጥቶ፣ ክፍት በር ነው የገነጠለው! ዘበኛው ነው፣ አንተ ደንቆሮ!"

ጩኸቴ ፎቁን ከላይ እስከ ታች ያናጋዋል። ከታች አንድ ጎረቤት በር ከፍቶ መልሶ ይዘጋል።

እሱ አንድም ደረጃ አልወረደም። ከበሬ ሁለት ክንድ ርቆ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል። ግራ መዳፉን ዘርግቷል፤ በቀኙ ቀይ ስክሪብቶዬን ይዟል፤ ክዳኑን ቀድሞ ነቅሎ በጥርሱ ነክሶታል።