ባህረዲን የነጠቀው ወረቀት

"ሌባ! ሌባ! ያዙልኝ!"

ሴትዮዋ ጮኸች… መርካቶ ውስጥ ደግሞ ይህች ቃል ብቻ ትበቃለች።

የመጀመሪያው ቡጢ ባህረዲን ጆሮ ግንድ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፍንጫው ላይ። ሦስተኛውን ማን እንደሰነዘረው እንኳን አላየም… ወድቋል።

"ኧረ ቆይ! ይሄ እኮ ባለ ሚስማሩ ባህረዲን ነው!" አለ አንድ ተሸካሚ።

እውነትም እሱ ነበር። የአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ የሚስማርና የማጠፊያ ሱቅ ባለቤት።

የነጠቃት ደግሞ ስልክ ወይ ቦርሳ እንዳይመስላችሁ።

ሴትዮዋ የገዛችው ጓጉንቸር ቁልፍ የተጠቀለለበትን ወረቀት ነው! ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎላት ወረቀቱን ይዞ ሮጠ…

አብዷል እንዴ?

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ባህረዲንና ጎረቤቱ ኃይለመለኮት ዓይንና ናጫ ከሆኑ አራት ክረምት አልፏቸዋል። ምክንያቱ ሸራ ነው። የኃይለመለኮት ሱቅ ሸራ ዝናቡን እየሰበሰበ የባህረዲን ሚስማር ላይ ያወርደዋል፤ ሚስማሩ ይዝጋል።

አንድ ቀን ባህረዲን የሸራውን ገመድ በጠሰው። ኃይለመለኮት የባህረዲንን ጥርስ አወለቀ። ባህረዲን የኃይለመለኮትን ጣት ሰበረ። ሽማግሌ ታከተው።

ዕቃ የሚጠቀልሉበትን አሮጌ ወረቀት በኪሎ የሚያመጣላቸው ማስረሻ የሚባል የምን አለሽ ተራ ሰው ነው። "ያንተ በለጠ" ተባብለው በወረቀት እንኳን ተደባድበው ያውቃሉ። ስለዚህ ማስረሻ ዘዴ ዘየደ… ሚዛኑ እኩል እንዲመጣ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በቢላ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ለአንዱ፣ ግማሹን ለሌላው ሰጠ!

ሰኞ ዕለት ከባድ ዝናብ ጣለ። ገበያው ቀጥ አለ። ባህረዲን ወረቀት ገንጥሎ ሊያዘጋጅ ያን ግማሽ መጽሐፍ አነሳና… አንድ መስመር አነበበ።

ከዛ ሌላ መስመር።

ከዛ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ልብ ወለድ ነው። ወርቅያንጥፉ የምትባል ሴት ወንድሟን የገደለባትን ሰው ልትበቀል ተነስታለች።

ባህረዲን በወጣትነቱ በምሳው ብር መጽሐፍ ይከራይ የነበረ ሰው ነው። ከዛ ሱቅ መጣ፣ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ… "ልብ ወለድ የሥራ ፈት ነው" ማለት ጀመረ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ምዕራፍ አላነበበም።

ሰኞ ግን ዝናቡ አባርቶ ደንበኛ መጥቶ "ስምንት ቁጥር ሚስማር አለህ?" ሲለው፣ ቀና ሳይል "የለም" አለው። ሚስማሩ ፊት ለፊቱ ተቆልሏል! ደስ ብሎታላ። የድሮ ጓደኛውን ድንገት መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎታል።

ግን ግማሽ ነው! ወርቅያንጥፉ ቢላዋዋን ይዛ የሰውየውን በር ገፋች… ወረቀቱ አለቀ።

ማስረሻ ጋ በረረ። "ቀሪውስ?"

"ጎረቤትህ ጋ ነዋ!"

"ከሱ ደጅ ከምቆም ሳላውቀው ብሞት ይሻለኛል!"

ሦስት ቀን ከኃይለመለኮት ሱቅ የሚወጣውን ጥቅል ሁሉ በዓይኑ ሲከተል ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ሴትዮዋ ቁልፏን ይዛ ስትወጣ፣ ወረቀቱ ላይ "ወርቅያንጥፉ" የሚለውን ስም አየ። ነጠቃት።

እሺ፣ ወደ ጸቡ እንመለስ።

ኃይለመለኮት ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ። ባህረዲንን ሲያይ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም… የወደቀውን ሰው ሆዱን ረገጠው።

"ደንበኛዬን ትዘርፋለህ?!"

ባህረዲን ደም እየተፋ ተነሳ። የአራት ክረምት ቂም አብሮት ተነሳ። ደጁ ላይ ከተደገፈው የፌሮ ብረት አንዱን መዘዘና ጉልበቱን መታው። ኃይለመለኮት ቅንድቡን ድንጋይ መትቶት ተዘረረ።

ፌሮውን ከአናቱ በላይ አነሳ። የኃይለመለኮት ሚስት እታለም "በአላህ ይዤሃለሁ ባህረዲን!" እያለች ትጮሃለች። ገላጋዩ ሁሉ ሸሸ።

ሊገድለው ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊገድለው ነበር።

በዚህ መሃል ኃይለመለኮት በባህረዲን ግራ እጅ የተጨማደደውን ወረቀት አየ።

"እሱን ገጽ… እሱን ገጽ እንዳትቀደው!" አለ እያቃሰተ። "እታለም ናት ሳታውቅ የጠቀለለችበት… ያላነበብኩት እሱን ገጽ ብቻ ነው!"

ፌሮው አየር ላይ ቀረ።

"አንተም… እያነበብከው ነው?"

"አራት ቀኔ። መጀመሪያው የለኝም እንጂ።"

ባህረዲን ሊሰድበው ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ገደለችው?"

"ገደለችው።" ኃይለመለኮት ከቅንድቡ የሚወርደውን ደም ጠረገ። "ግድያው አንድ መስመር ናት። አንድ! ቀሪው ዘጠና ገጽ እሷ ከዛ በኋላ እንዴት እንደምትኖር ነው። እንቅልፍ የላት… ምግብ አይወርድላት… የሟቹን ልጅ መንገድ ላይ ባየች ቁጥር ግድግዳ ይዛ ነው የምትቆመው።"

ባህረዲን እታለምን አያት። ፌሮውን መሬት ላይ ለቀቀውና አጠገቡ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ወንድሟን ግን በምን ምክንያት ነበር የገደለው?" አለ ኃይለመለኮት።

"በአጥር።"

"በአጥር ብቻ?"

"ክንድ በማትሞላ አጥር።"

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ። ከዛ ቀና ብለው ሸራውን አዩ።

ሴትዮዋስ? ቁልፏን በላስቲክ ይዛ እየተራገመች ሄደች።

ወገኖቼ… ልብ ወለድ ውሸት ነው ትላላችሁ። ጊዜ የለኝም ትላላችሁ። እነዚህን ሁለት ሰዎች ግን ሽማግሌም ፖሊስም ያላቆማቸውን አንድ ግማሽ መጽሐፍ አቆማቸው። የነፍሰ ገዳይን ዘጠና ገጽ በወረቀት የኖረ ሰው፣ በእውኑ ዓለም ሊኖረው አይጓጓም። ማንበብ ዕድሜ ይቀጥላል የምለው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ የጎረቤትን ዕድሜ!

እናንተስ… አንድ ልብ ወለድ ጀምራችሁ የጨረሳችሁት መቼ ነው? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉት። እኔ አድሚናችሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል… አፍሬ ነው የምናገረው።