የሕፃን መሸኛ

አሮጊቷ ሠዓሊውን ያን ዜማ ሦስት ዓመት ሙሉ ነፈገችው። በኢኳዶር ጥቁሮች መንደር የሚዜመው ለሞተ ሕፃን ብቻ ነው፤ በደኅና ልጅ ስም ከተዜመ ልጁን ይወስዳል ይባላል። «ቅርሱ እንዳይጠፋ እኮ ነው፣ እማማ» ቢላትም አሻፈረኝ አለች።

አንድ ቀን ዓይኑ ደም መስሎ መጣ።

«ልጄ ኢሳውራ ሞተችብኝ። እርስዎ ካልሸኟት ማን ይሸኝልኛል?»

ሕፃኗን በስሟ እየጠራች አዜመችለት፤ እሱም ድምፅዋን በመቅረጫ ቀዳው።

የሥዕል ትርኢት መክፈቱን ስትሰማ፣ ለሟቿ ሻማ ይዛ ሳትጋበዝ ከተማ ሄደች። አዳራሹ በር ላይ አንዲት ሕፃን የአሮጊቷን ቀሚስ ጎተተች።

«እማማ፣ ይህን ሁሉ የሣለው አባቴ ነው።»

«ያንቺ ስምስ ማነው፣ የኔ ዓለም?»

«ኢሳውራ።»

ከድምፅ ማጉያው የገዛ ድምፅዋ ኢሳውራን መጥራት ጀመረ። አሮጊቷ ሻማውን ጥላ የልጅቷን ጆሮዎች በሁለት መዳፎቿ ደፈነች።