ግራ ጆሮ

«እስኪ ቀኝ እጅሽን በአናትሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ» አሏት መምህርቷ። የልደት ካርድ የሌለው ልጅ ጆሮውን ከነካ በዕለቱ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። የፋዲላ እጅ ሹሩባዋን ተሻግሮ ወረደና ጆሮዋ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ባጃጅ ነጂው አባቷ ደነገጠ። ትናንት እቤት እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ እየሳቀች ጉትቻዋን ስትጎትት አይቷታል።

«አልደረሰችም» አሉ መምህርቷ። «ምን አስቸኮለህ? ለከርሞ አምጣት።»

«ትደርሳለች ቲቸር፣ አንዴ ብቻ!»

ከኋላ ከተሰለፉት ወላጆች አንዱ «ጆሮዋን ሳብ አድርጋችሁ አቀብሏት እንጂ!» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። አባቷ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ጣቶቿን ወደ ውስጥ አጥፋቸዋለች።

«ምነው እናቴ?» አላት በሹክሹክታ።

«ከነካሁት ጥለኸኝ ትሄዳለህ።»

መምህርቷ ወደሚቀጥለው ልጅ መዞር ጀምረዋል። አባቷ እጁን ኪሱ ከተተና የባጃጁን ቁልፍ አውጥቶ በግራ እጇ አስጨበጣት።

«ያለዚህ ባጃጇ አትነሳም። እስክትወጪ በር ላይ ነኝ።»

ፋዲላ ቁልፉን አየችው፤ አባቷንም አየችው። ከዚያ ቀኝ እጇ በአናቷ ላይ አለፈና ጆሮዋን ከነጉትቻው ጭምድድ አድርጎ ያዘው።

አባቷ ከግቢው ሲወጣ አንዲት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ታቅፈው ባጃጁ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ወደ ፍራንኮ ሰፈር ነህ ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ሌላ ይያዙ» አላቸው። «ቁልፉ ትምህርት ቤት ገብቷል።»