ሳይታይ አይፈረምም

ተመራማሪዋ የምርምር ማዕከሉ ስትደርስ ዕቃ ተረካቢው ሽማግሌ ቀድማ የላከቻትን የብርጭቆ ቱቦ አንገት በጉጠት ሰብረው፣ ውስጧ የነበረውን ነገር ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠው በማስመሪያ እየለኩ ነበር። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

"እንኳን መጣሽ ልጄ። አራት ሚሊ ሜትር አይደል? ልክ ነው፤ ማመልከቻሽ ላይ እንዳለው ነው።"

ቦርሳዋን ከትከሻዋ ማውረድ አቃታት። ወረቀቱ ላይ የተኛችው የሩዝ ፍሬ የምታክል ወርቅማ ክሪስታል የላንታነም ካርባይድ ናት፤ ብርቅ ብረት ከካርቦን ጋር የተዋሃደባት። ዘጠኝ ጊዜ ተበላሽታባት በአሥረኛው የተሳካች፣ አሥራ አራት ወር የፈጀችባት። አየር እንዳይነካት ቱቦዋን በአርጎን ጋዝ ሞልታ አፉን በእሳት የደፈነችው ራሷ ነበረች።

"ለምን ከፈቱት አባባ?"

"ያላየሁትን ተረከብኩ ብዬ እንዴት ልፈርም? ባለፈው ዝም ብለን ፈርመን የገባንበትን ጣጣ አትጠይቂኝ። አይዞሽ፣ በጥንቃቄ ነው የከፈትኩት። እጄን እንኳ ታጥቤ ነው።"

ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ጮኻ ይወጣላት ነበር።

"እርጥበት ጠላቷ ነው" አለች። "አየር የማያስገባ ሣጥን አላችሁ?"

"ሣጥንማ ሞልቶናል። ትልቁን ካርቶን ነው ትንሹን?"

ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዓይኗን ተከትለው ሄደው ዘጉላት። ክፍሉ ግን አስቀድሞ እርጥበት ጠግቧል።

ፎቅ ላይ ያለው የራጅ መሣሪያ ሦስት ሰዓት ላይ የእሷ ተራ ነው። ዛሬ ካለፋት የሚቀጥለው ከዓመት በኋላ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዋ ደግሞ ለመመረቂያዋ ሌላ ዓመት አይሰጣትም። መሣሪያው ክሪስታሏን ከሺህ ዲግሪ በላይ እያጋለ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለው የአቶሞቿ አደራደር በየትኛው ሙቀት ላይ ጎኑ እኩል የሆነ ኪዩብ እንደሚሆን ያሳያታል። ኪዩቡን አቀዝቅዞ ወደ ቤት መውሰድ አይቻልም፤ የቱንም ያህል ቢያጣድፉት ሲበርድ ወደ ድሮው ይመለሳል። እንደጋለ ያላየው ሰው አላየውም። አሥራ አራት ወር የለፋችው ለዚያች ሰዓት ነበር።

"ብየዳ ቤት ብየዳ ቤት ይሸትሻል ወይስ እኔ ነኝ?" አሉ ሽማግሌው አየሩን እያሸተቱ። "ሰፈራችን ያለው በያጅ ካርባይዱን ውሃ ሲያስነካው ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው።"

"እሷ ናት። እየፈረሰች ነው።"

ያኔ ጎንበስ ብለው አዩ። የክሪስታሏ ወርቅማ ዳር ዳር አመድ መስሏል። እጃቸው ላይ የነበረውን ማስመሪያ ቀስ ብለው አስቀመጡት።

"ጉድ ሠራሁሽ" አሉ። "ምን ላድርግ? ንገሪኝ እንጂ።"

"ምንም አይደረግም።" ከዚያ፣ ለምን እንዳለችው ሳታውቀው፣ "ትንፋሻችን ራሱ እርጥበት ነው" አለች።

ሽማግሌው ከንፈራቸውን ገጠሙ። ወረቀቱ ላይ እንዳጎነበሱ፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ ትንፋሻቸውን ያዙ። ክፍሉ ሙሉ እርጥብ አየር እያለ የአንድ ሰው ትንፋሽ መያዝ ምንም እንደማይፈይድ ታውቃለች። ፊታቸው መቅላት ሲጀምር ልትነግራቸው አስባ ተወችው።

እሷም ከጎናቸው ጎንበስ አለችና ትንፋሿን ያዘች። ከክሪስታሏ ጫፍ አንድ ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ወደቀ።