የመልአኩ ማስነጠስ

ለሰማይና ለምድር ነዋሪዎች በሙሉ፦ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው አንድ መልአክ አስነጠሰው።

ለዓመታት ሳይታይ አንዲት ልብስ ሰፊ አጠገብ ቆሞ ሲያፈቅራት ኖሮ፣ ያን ዕለት ጧት ክንፉን አስረክቦ ሰው ሊሆን ወረደ። ቀድሞ መናገር ተከልክሏል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካላናገረችው ደግሞ ወደ ላይ ይመለሳል። እሷ አንገቷን ደፍታ ኮሌታ ትሰፋ ነበር፤ እንኳን ለመልአክ ለደንበኛም ቀና የምትል አልነበረችም። የጨርቁ ብናኝ አፍንጫውን ኮረኮረውና እጥሽ አለ።

«ይማርህ!» አለችው፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ስድስት ሰዓት ሞላ። እሱ እዚያው ነበር፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ይኼኔ ቀና ብላ አየችው።

«ያኑርሽ አይባልም እንዴ፣ የኔ ጌታ? ለመሆኑ ማን ነው ያሳደገህ?»

«አልነግርሽም» አላት።