የዮዲ ክብደት

«ሰንጋ አመለጠ፤ መንገድ ልቀቁ» የሚል ጩኸት ከከብት ተራው በኩል ሲመጣ እቴነሽ ጎንበስ ብላ ቲማቲም እየመረጠች ነበር።

ቀና ስትል ሰዉ ወደ ዳርና ዳር ይሸሻል። ቲማቲም ሻጯ ዕቃዋን ጥላ ከጎኗ ያለው ሱቅ በረንዳ ላይ ወጥታለች። ከቁልቁለቱ አናት አንድ ቀይ የሐረርጌ ሰንጋ፣ የተበጠሰ ገመዱን እየጎተተ፣ እየጋለበ ይወርዳል። ልጇ ዮዲ መንገዱ መሀል ቆማለች።

ጎረቤቷ ዑሙልኸይር ከጀርባዋ ያወረደቻት አሁን ነው። ዘይት ልትገዛ ሱቅ ስትገባ «ዓይንሽን ከልጅቷ እንዳትነቅዪ» ብላት ነበር። እቴነሽ ጠራቻት። ዮዲ ዞር አላለችም፤ ሰንጋውን እያየች ትስቃለች።

እቴነሽ ልጇን ካቀፈች ዓመት ሊሞላ ነው። አዲስ አበባ ወስደው፣ ደረቷን ከፍተው የልቧን ቫልቭ ሲቀይሩላት፣ አጥንቷን በሽቦ አስረው ሲሰዷት፣ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አስጠንቅቀዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዮዲን የምታጥባት፣ አዝላ የምታስተኛት ዑሙልኸይር ናት። ልጅቷም «አዮ» ብላ፣ በሰፈሩ ኦሮምኛ እማዬ ብላ፣ የምትጠራት እሷን ነው። እናቷን ግን እንደ ሰዉ ሁሉ «እቴነሽ» ትላታለች።

ክልከላው ካበቃ ቆይቷል። ለክትትል በሄደች ጊዜ ሐኪሙ «አጥንትሽ ገጥሟል፤ ከእንግዲህ ልጅሽን እንደ ልብሽ እቀፊ» ብሏታል። ይህን ለባሏ ለዘገየም፣ ለዑሙልኸይርም አልነገረችም። እንደ ልብሽ የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራታል። ሽቦው ቢበጠስስ? የምትውጠው ኪኒን ደም የሚያቀጥን ነው፤ ውስጥ ለውስጥ አንዴ መፍሰስ ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ሲያስነጥሳት እንኳ ደረቷን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ የምትይዝ ሰው ናት።

የሰንጋው ኮቴ ከእግሯ ሥር መሬቱን ሲያንቀጠቅጠው ተሰማት።

እንዴት እንደሮጠች አላወቀችም። ጎንበስ አለች፣ ዮዲን በብብቷ ሥር ይዛ ወደ ላይ መነጨቀቻት። ደረቷ መሀል አንድ ነገር ቀጭ አለ። ልጅቷን እንደያዘች ወደ ሱቁ ግድግዳ ተወረወረች፤ ፊቷን ለግድግዳው፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጠች። ሰንጋው ነፋሱን አስከትሎ አለፈ። የገመዱ ጫፍ ባቷን ገረፋት።

ባለቤቶቹ ዱላ ይዘው ተከትለውት ሮጡ። አቧራው ሳይወርድ ሰዉ ሳቅና ወሬውን ጀመረ። እቴነሽ ከግድግዳው አልዞረችም። ከደረቷ በታች ሞቅ ያለ ነገር ወደ ሆዷ ሲወርድ ተሰማት። ቀሚሷ ተጣበቀባት። አገጯን ዝቅ አድርጋ ለማየት አልደፈረችም። መውደቋን ጠበቀች። ስወድቅ ዮዲ ከሥሬ እንዳትሆን፣ አለች በልቧ።

«ያ ረቢ፣ እቴ፣ ምን አደረግሽ?» ዑሙልኸይር የዘይት ጠርሙሷን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። «አንቺ ማንሳት ተከልክለሽ የለም እንዴ?»

«እዪልኝ» አለቻት እቴነሽ። «ቀሚሴን እዪልኝ። እኔ ማየት አልችልም።»

ዑሙልኸይር ጎንበስ ብላ አየች። በእጇ ነካችው፤ እጇን አሸተተች።

«ሽንት ነው» አለች። «ልጅቷ ደንግጣ ሸናችብሽ።»

«ደረቴ ቀጭ ብሏል።»

«ያምሻል?»

እቴነሽ አዳመጠች። ልቧ ይደልቃል፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ደልቆ አያውቅም። የሚያማት ይኑር አይኑር ከፍርሃቱ ለይታ ማወቅ አቃታት። «እኔ እንጃ» አለች።

«በይ አምጫት» አለች ዑሙልኸይር እጆቿን ዘርግታ።

ዮዲ አሁን ማልቀስ ጀመረች። «አዮ» ብላ ሁለት እጇን ወደ ዑሙልኸይር ዘረጋች። እቴነሽ ልትሰጣት አሰበች። እጇ ግን አልላላም።

«ሐኪሙ ፈቅዶልኛል» አለች።

«መቼ?»

«ቆየ።»

ዑሙልኸይር ፊቷን አየቻት። ዓመት ሙሉ ልጅ ያዘለ ጀርባዋን ቀና አደረገችና የዘረጋቻቸውን እጆቿን ሰበሰበች። ከመሬት የእቴነሽን ዘምቢል አነሳች።

«እንግዲያ ቀስ እያልሽ ውጪ» አለቻት። «እኔ ከኋላሽ ነኝ።»

ወደ ቤት የሚወስደውን ዳገት ጀመሩት። እቴነሽ እያንዳንዱን የልቧን ምት የመጨረሻው እንደሆነ ሁሉ እየፈራች ትራመዳለች። ዮዲ በትከሻዋ ላይ አሻግራ አዮን እያየች ትነፋረቃለች። በፊት ስታቅፋት የልጅቷ እግር ወገቧ ላይ ነበር የሚያልቀው። አሁን በተራመደች ቁጥር የዮዲ ጫማ ጭኗን ይመታታል።